የፌንጣ ቀይ ሰረዞች

አንድ መካኒክ ከተራራ ግርጌ ባለች ሞቃት ከተማ ውስጥ ከሚስቱና ከጨቅላ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ስሙ ጌታሰው ነው። አልነሳ ያለ ሞተር እሱ እጅ ከገባ ይነሳል ይባልለታል፤ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ማውራት ይቀናዋል። ሚስቱ ዝናሽ ደግሞ ከምትናገረው የምታየው ይበዛል። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጫወት እሷ ልጇን እያጠባች ታዳምጣለች። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ማን ከልቡ እንደሳቀ፣ ማን ደግሞ ለይሉኝታ እንደሳቀ ለባሏ የምትነግረው እሷ ናት።

ታዲያ በከተማው ዳር ባለ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ መኪና ትቶ ሄደ። መኪና እንበላት እንጂ ያኔ ገና መኪና አልሆነችም። በሳጥን ተበታትና የመጣች፣ ሰውየው በትርፍ ሰዓቱ ሊገጣጥማት ጀምሮ ግማሽ ላይ ያቆማት የስፖርት መኪና ነበረች። ጌታሰው የፋብሪካውን መኪኖች ሲጠግን ስለሚያውቀው፣ "ከጨረስካት ያንተ ናት" አለው።

ጌታሰው ጨረሳት። አካሏ በብየዳ ከተያያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ነው። ጣሪያ የላትም፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። የፊት ጎማዎቿ ከአካሏ ወጣ ብለው ስለሚታዩ የሰፈር ልጆች ገና ሲያዩዋት "ፌንጣ" አሏት፤ በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ። ጉልበት ያላቸው ሰዎች በአንድ ጎኗ ገብተው ብድግ ቢያደርጓት ብድግ ትላለች። እንዲህ ቀላል ነበረች።

የውጭ አገሩ ሰው ከመሄዱ በፊት ለጌታሰው አንድ ነገር አስጠንቅቆት ነበር። "ቀላል መኪና ትንቀጠቀጣለች" አለው። "የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ይላላል። ስለዚህ በቡሎን ጫፍ ላይ የሚዞረውን ዳዶ ባጠበቅክ ቁጥር ከዳዶው ጀምረህ እስከ ብረቱ ድረስ በቀለም አንድ ሰረዝ አስምር። ዳዶው ንቅንቅ ካለ ሰረዙ ለሁለት ይሰበራል። ቁልፍ ሳታነሳ በዓይንህ ብቻ ታውቃለህ ማለት ነው።"

ቀለሙ ከዝናሽ መጣ። ለሠርጓ ተገዝቶ ሳያልቅ የቀረ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበራት፤ ቆይቶ እንደ ማር ወፍሯል። ሥራውም የእሷ ሆነ። ጌታሰው ትከሻው ሰፊ ነው፤ በጎማውና በአካሉ መካከል አንገቱን ማስገባት አይመቸውም። እሷ ግን ጆንያ አንጥፋ፣ ጉንጯን መሬት ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ አድርጋ አንድ በአንድ ታያለች። እሱ ከላይ ቆሞ ይጠይቃል።

"የቀኝ ፊት?"

"ደህና ነው።"

"የግራ ፊት?"

"እሱም ደህና ነው።"

ለሁለቱም ደስ የሚል ሰዓት ነበር። ከሥራ ይልቅ ጨዋታ ይመስላቸው ነበር።

በዚያች ከተማ መካኒኮች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ እያንዳንዱ ጋራዥ በእጁ የሠራውን መኪና ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ከግርጌ ተነስተው ጠመዝማዛውን ዳገት ይዘው ጫፉ ላይ እስካለው አንቴና ይነዳሉ፤ ዞረው ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰው መሳፈር አለበት። ሁለተኛው ሰው በየመታጠፊያው ወደ ውስጥ እየተጋደመ መኪናውን ያመዛዝናል። በመንገዱ ቀኝ ግድግዳ የሚያህል ዓለት፣ በግራ ደግሞ ገደል ነው። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። ዓመቱን ሙሉ በየጋራዡ የሚወራው ግን የዚያን ቀን ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት ጌታሰው በአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ወጥቶ መጨረሻ ነበር የደረሰው። ሰዉ ሁሉ ወርዶ፣ ምሳ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ነበር። "ጌታሰው እኮ አልጠፋም፣ በእግሩ እየመጣ ነው" ብለው ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ዝናሽ ግን ያን ሳቅ አይታዋለች፤ ከልቡ አልነበረም።

ስለዚህ ፌንጣን ማሻሻል ጀመረ። መጀመሪያ ክብደቷን ቀነሰ። የንፋስ መስታወቷን አወለቀ፤ ትርፍ ጎማዋን አወረደ፤ የጎን ሽፋኖቿን ፈታ፤ የወንበሮቿን ብረት አውጥቶ በሰሌዳ ላይ ስፖንጅ አነጠፈባቸው። ቀጥሎ ደግሞ ጉልበቷን ጨመረ። ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ ሞተር አገኘ። ሞተሩ ለፌንጣ ትልቅ ስለነበር አልገባ አለ፤ ከፊት ያሉትን ቱቦዎች ቆርጦ፣ አስፍቶ፣ መልሶ በየዳቸው። ሌሎች መካኒኮች እያለፉ አዩት። አንዱ እንኳ "ይህ ሞተር ለዚህች ገላ አልበዛም?" አላለም። ሁሉም "ዘንድሮ ጉድ ነው" እያሉ ጀርባውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

የተሞከረች ቀን ዝናሽ አብራው ተሳፈረች። ልጇን ለጎረቤት ትታ ነበር። ፌንጣ በኮብልስቶኑ ላይ ስትሄድ የዝናሽ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር። ግራው ጎማ ሽፋን ስለሌለው ከተቀመጠችበት ሆና ታየዋለች። ባሏ ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ወደ ውጭ ገፋ፣ ሲለቅ ወደ ውስጥ መለስ የሚል መሰላት። ዓይኔ ነው ብላ ዝም አለች። ቤት ሲደርሱ ግን ጆንያዋን አንጥፋ አየች። የግራው የፊት ጎማ ሹካ መሳይ በሆነ ብረት ነው ከአካሉ ጋር የሚያያዘው። ብረቱን የያዘው ዳዶ ላይ ያለው ቀይ ሰረዝ ለሁለት ተሰብሯል።

"ጌታሰው፣ የግራው ተሰብሯል።"

"ዓይንሽ ይባረክ" አላት። አጠበቀው። እሷም አዲስ ሰረዝ አሰመረች።

በሚቀጥለው ሙከራ ተሰበረ። አጠበቀው። ደግሞ ተሰበረ።

ያኔ ጌታሰው ቁልፉን መሬት ላይ ጣለው። "አንቺ ደግሞ" አለ፣ ሳይጮህ። "ሁልጊዜ ተሰበረ፣ ተሰበረ። አንድ ቀን እንኳ ከአፍሽ ጥሩ ነገር ይውጣ እንጂ። አታሟርቺብኝ እባክሽ።"

ዝናሽ ጆንያዋን ጠቅልላ ገባች። ቃሉ ግን ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። ሟርት ማለት በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ክፉውን ቀድሞ የተናገረ ሰው ክፉውን እንደጠራው ይቆጠራል። እነዝናሽ ሰፈር አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ማለዳ "ዛሬ ልቤ ከፍቶታል፣ ቅር" አለችው። አልቀረም። ማታ ሬሳው መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ካለቀሰ በኋላ፣ "አፏ ነው የበላው" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሙሽራ የሚሸኝበት ቤት አትጠራም፤ መንገድ የሚሄድ ሰው ጠዋት እሷን ካየ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዝናሽ ያቺን ሴት ውሃ ስትቀዳ ብዙ ጊዜ አይታታለች። የምትቀዳው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዝናሽን ሁለት ፍርሃት ያዛት። ካልተናገረች ባሏ ገደል ይገባል ብላ ትፈራለች። ከተናገረች ደግሞ ገደል የገባው በእሷ አፍ ነው እንዳይባል ትፈራለች። እንቅልፏ ቀነሰ። ልጇን አዝላ ልብስ ስታጥብ እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ይቆምና፣ ያ ዳዶ በሐሳቧ ቀስ እያለ፣ ፀጉር በሚያህል፣ ደግሞ ፀጉር በሚያህል ሲዞር ታየዋለች።

የጌታሰው ጓደኛ ሸዋንግዛው በዚያ ሰሞን እየመጣ ይቀልድ ነበር። ወፍራም ነው፤ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። በተራራው ቀን ሁለተኛው ተሳፋሪ እሱ እንዲሆን ተስማምተዋል።

"ዝናሽዬ፣ ዛሬስ ምን ታየሽ?" ይላታል ከበሩ ሳይገባ። "ደህና ካልሽ ሻይ እጠጣለሁ፣ ካላልሽ ከዚሁ ልመለስ።"

"ተው አንተ" ትላለች እሷ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

ጌታሰው ግን አይስቅም። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዝም እያለ መጣ። ሰረዞቹን ሲያስፈትሻትም እንደ ድሮው "የግራ ፊት?" ብሎ አይጠይቃትም። "ደህና ነው አይደል?" ይላል። ጥያቄው ከመልሱ ጋር አብሮ ይመጣል።

የተራራው ቀን ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ዝናሽ ጆንያዋን ይዛ ወጣች። ጌታሰው ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠባል። ዝቅ ብላ አየች። ዋዜማውን ከመጨረሻው ሙከራ በፊት ያሰመረችው ሰረዝ ተሰብሯል። ያውም እንደ በፊቱ በጥቂቱ አልነበረም። በዳዶው ላይ ያለው ቁራጭና በብረቱ ላይ ያለው ቁራጭ የማይተዋወቁ እስኪመስሉ ድረስ ተራርቀዋል። ልትናገር ቀና አለች።

"ደህና ነው አይደል?" አለ ጌታሰው ፊቱን በፎጣ እያደረቀ። አላያትም።

"ደህና ነው" አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ልትመልሰው ፈለገች፤ አልተመለሰላትም። አሁን ተሰብሯል ብትል፣ ቅድም ለምን ደህና ነው አልሽ ሊላት ነው። ደግሞም ዛሬ፣ በዚህ ቀን፣ ከቤት ሳይወጣ። እሱ ልብሱን ሊለብስ ሲገባ ጠርሙሷን ከኪሷ አወጣች። የድሮውን ሰረዝ በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችውና፣ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አዲስ፣ ቀጥ ያለ ቀይ ሰረዝ አሰመረች። ቃሏ ውሸት እንዳይሆን ሰረዙ ቃሏን እንዲመስል አደረገችው።

ከዚያ ልጇን አዝላ ኩሽና ገባች፤ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ባሏ መኪናዋ ጋ ምን እንዳደረገ አላየችም። ስትወጣ ሞተሩ ተነስቷል።

የተራራው ግርጌ በሰው ተሞልቷል። ባጃጆች ተደርድረዋል፤ ሴቶች ጥላ ዘርግተዋል፤ በየጋራዡ የተሠሩት መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው ያጓራሉ። አስነሺው ጋሽ ደርቤ የሚባሉ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ቀይ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስረው መሀል መንገድ ቆመዋል።

ሸዋንግዛው ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ የመኪናዋን ጎን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፌንጣ ገባ። ስፖንጁ ላይ ሲቀመጥ መኪናዋ ወደ እሱ አጋደለች። "ይኸው" አለ፣ "ስንት ወር ስታወርድ የከረምከውን ክብደት እኔ በአንዴ መለስኩልህ።" በዙሪያቸው ያሉት ሳቁ። "ሚስቴ ደግሞ፣ ብትሞትም ይህን ፎጣዬን መልሰህ ነው አለችኝ። የምትፈራው እሱ እንዳይጠፋባት ነው።"

ዝናሽ ልጇን አዝላ ከመኪናዋ ጎን ቆማ ነበር። አንድ ሐሳብ ይዛ ነበር የቆመችው፤ ጠዋቱን ሙሉ እሱን ጨብጣ ነው የቆየችው። ጌታሰው መካኒክ ነው። ከመነሳቱ በፊት ራሱ በቁልፍ ይነካዋል። ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እኔ ያልኩትን ብቻ ይዞ ገደል ለገደል አይሄድም።

ጌታሰው ከመኪናዋ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘረጋና ከእናቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ የምታየውን ልጁን ጉንጯን ነካት። ያኔ ነው ዝናሽ ያየችው። በአውራ ጣቱ ላይ፣ ጥፍሩ ከሥጋው በሚገናኝበት፣ ተፈትጎ ያልለቀቀ ቀይ ቀለም አለ።

ገባት። ጠዋት እሷ ኩሽና ሳለች ነክቶታል። ቀለሙ እርጥብ ነበር። ከመጨረሻው ሙከራ በፊት የተሰመረ ሰረዝ እስከ ጠዋት እርጥብ ሆኖ እንደማያድር ያውቃል። እንደተሰበረ አውቋል፤ እሷም እንደደበቀችው አውቋል፤ ጣቱን ጠርጎ ሞተሩን አስነሳ። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑ እሷን ሸሽቶ ዳገቱ ላይ ነው። የፈራ ሰው ፊት ነበር። እሷ እሱን ተማምና፣ እሱ እሷን ተማምኖ፣ ሁለቱም ምንም የማይዝ ነገር ላይ ተደግፈው እንደቆሙ አየች። በመካከላቸው ደግሞ ሸዋንግዛው ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

ጋሽ ደርቤ ጨርቁን አነሱ።

ዝናሽ እግሯን ስታነሳ አላወቀችም። ራሷን ያገኘችው ከፌንጣ ፊት ነው። የሞተሩ ሙቀት ቀሚሷን ይመታዋል። ልጇ ጀርባዋ ላይ ማልቀስ ጀመረች።

"ልጄ፣ ዞር በይ እንጂ" አሉ ጋሽ ደርቤ። "የሰው ነፍስ ይዘሽ መሀል መንገድ ይቆማል?"

"አልዞርም፣ ጋሼ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

ሰው ሁሉ ያያታል። ጎረቤቶቿ አሉ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች አሉ። አሁን የምትናገረውን ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚያወሩባት ታውቃለች። ድምጿ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም።

"የግራው ጎማ ሰረዝ ጠዋት ተሰብሮ ነበር" አለች። "ደህና ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዳዶው ልል ነው።"

ጌታሰው ሞተሩን አጠፋ። አንገቱን ደፍቶ፣ ከሸዋንግዛው በቀር ለማንም በማይሰማ ድምፅ፣ "አውቃለሁ" አለ።

"ምን አልክ?" አለ ሸዋንግዛው።

"አውቃለሁ አልኩህ።"

ሸዋንግዛው ወደ ጌታሰው አየ። ወደ ዝናሽ አየ። የወንበሩን ቀበቶ ቀስ ብሎ ፈታ። "ቆይ" አለ። "እሷም ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?" እንደ አገባቡ የመኪናዋን ጎን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ከወጣ በኋላ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ሲቀልድ የሰማው የለም።

ጌታሰው ወርዶ ከግራው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ። ቁልፍ አላስፈለገውም። ዳዶው በሁለት ጣቱ ዞረለት። ቡሎኑን መዝዞ ሲያወጣው ደግሞ ከፋ። ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ ከቀዳዳው የተነሳ ስንጥቅም እስከ ብየዳው ድረስ ሄዷል። ትልቁ ሞተር ቀጭኗን ገላ እየጎተተ ቀስ በቀስ ሲቀድዳት ነበር የከረመው። ጌታሰው እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ዳዶውን ሲያጠብቅ የነበረው በሚቀደድ ብረት ላይ ነው። ሰረዙ ደጋግሞ ሲነግረው የቆየው ይህንን ነበር። ጋሽ ደርቤ በእሱ ትከሻ በኩል አጎንብሰው አዩት፤ ጨርቃቸውን ከእንጨቱ ፈተው ግንባራቸውን ጠረጉበት።

"ከሁለተኛው መታጠፊያ አታልፍም ነበር" አሉት። "ተነስ፤ ግፋት ወደ ዳር።"

ሌሎቹ መኪኖች ወጡ። አቧራቸው እስኪበን ድረስ ጌታሰው ቆሞ አያቸው። ከዚያ ፌንጣን በሰው ፒክአፕ ላይ ጭነው ላኳት፤ ባልና ሚስት በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች እነሱ ሲያልፉ ዝም ይላሉ፤ ካለፉ በኋላ ያወራሉ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጌታሰው ተናገረ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። ሟርተኛ አልከኝ።"

ትንሽ ሄዱ።

"አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም? ጣትህ ቀለም ነክቶ ነበር።"

"ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ።"

ዝናሽ ቆመች። እሱ ሁለት እርምጃ ቀድሟት ሄዶ፣ እንደቆመች ሲያውቅ ዞረ።

"ደህና ነው እንድትዪኝ ፈልጌ ነበር" አላት። "እንደዚያ ካልሽኝ የሆነው ሁሉ ቢሆን በእኔ አይሆንም። አንቺ ብለሽ ነበራ። እየነዳሁ ስመጣ መሪው በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር፤ ግን ደህና ነው ብላኛለች እያልኩ መጣሁ።"

"እኔም መካኒኩ እሱ ነው እያልኩ ቆሜ ነበር" አለች።

ዝናሽ ከሰዓት በኋላ ልጇን አቅፋ ተኛች። ሸዋንግዛው ከነሳቁ፣ ጌታሰው ከነዝምታው፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲጠፉ እየታያት፣ ያልሆነው ነገር እንደሆነ ሁሉ አለቀሰች። ፍርሃቱ በዚያ ቀን አልወጣላትም። ከዚያ ወዲህም ሞተር ሲያጓራ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትታ ደጅ ትወጣለች። ሰፈርተኛው ደግሞ በሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ባሏን አተረፈች አለ፤ ግማሹ "አፏ ነው መኪናውን የሰበረው" አለ፣ ዛሬም ይላል። ሸዋንግዛው ለብዙ ጊዜ በበራቸው አላለፈም። አንድ ቀን መጥቶ ሻይ ጠጣ፤ ስለዚያ ቀን አላነሳም፤ እነሱም አላነሱም።

ጌታሰው የሚኒባሱን ሞተር አወረደው። የተቀደደውን ብረት ቆርጦ ጣለ፤ ወፍራም አድርጎ ሠራው፤ የቀድሞውን ትንሽ ሞተር መለሰ። ፌንጣ ዛሬ ከተማ ውስጥ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ሥራው ያው ነው፤ ዝናሽ ጆንያ ታነጥፋለች፣ እሱ ከላይ ቆሞ ይጠይቃል። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። "ደህና ነው አይደል?" አይላትም። "የላላው የትኛው ነው?" ይላታል። እሷም የላላ ካጣች "ዛሬ አላገኘሁም፣ እስቲ አንተም ዝቅ ብለህ እይ" ትለዋለች። ቦታው ለትከሻው ቢጠብም ዝቅ ይላል።

ወዳጆቼ፣ ዳዶ በአፍ አይላላም፤ በቀለምም አይጠብቅም። የላላውን የተናገረ ሰው አላላላውም፤ ደህና ነው ያለም አላጠበቀውም። ፍርሃት ዓይናችንን አያጠፋውም፤ እያየን ነው ዝም የምንለው። አንዱ እንዳይወቀስ ዝም ይላል፤ ሌላው እንዳይሰማ አይጠይቅም፤ በመካከል ምንም የማያውቅ ሰው አምኖ ይሳፈራል። ክፉን የሚጠራው የተናገረው አፍ አይደለም። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራ ቤት ነው።

እስቲ ይህን ያነበባችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ለትዳር ጓደኛችሁ፣ ለልጃችሁ፣ አብሯችሁ ለሚሠራ ሰው "ደህና ነው አይደል?" ስትሉ፣ መልሱን ለማወቅ ነው የምትጠይቁት ወይስ አንዱን መልስ ብቻ ለመስማት? "አይ፣ ደህና አይደለም" ቢላችሁስ፣ ያ ሰው በነጋታው ደፍሮ ሊነግራችሁ የሚችል ፊት ታሳዩታላችሁ?